ከመጥረጊያ ወደ ጠራጊ

እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን ውስጥ አንድ አዲስ የጽዳት ማሽን ለተመልካች ይቀርብ ነበር። ማሽኑ የታመቀ አየር በኃይል እየተፋ አቧራውን ያባርራል። አቧራው ይነሳል፣ ትንሽ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ቦታ ቀይሮ ይቀመጣል። ከተመልካቾቹ አንዱ ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ ድልድይ የሚነድፍ ሰው። ቡዝ የማሽኑን ባለቤት አቧራውን ከመንፋት ለምን እንደማይስበው ጠየቀው። ሰውየው እንደማይሆን ነገረው።

ቡዝ ግን ነገሩን አልተወውም። ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ አፉን የወንበሩ ጨርቅ ላይ ገጥሞ በኃይል ማገ። ሊታነቅ ምንም አልቀረውም። በኋላም በመሀረብ ሞከረው፤ መሀረቡ ላይ የአቧራ ክብ ታተመ። በቃ፣ ሐሳቡ ይሠራል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት ጠየቀበት። የሠራው ማሽን ግን ዛሬ ከምናውቀው ቫኪዩም ክሊነር ጋር በመልክ አይገናኝም። በነዳጅ ሞተር የሚሠራ፣ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነው። ጋሪው መንገድ ዳር ይቆማል፣ ረጃጅም ቱቦዎች በመስኮት ይገባሉ፣ ሠራተኞች ውስጥ ገብተው ምንጣፉን ያጸዳሉ። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር አቢን ምንጣፍ ያጸዳው ይኸው ማሽን ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቡዝ የሸጠው አገልግሎት ነው እንጂ ማሽን አልነበረም። ማሽኑ ከነሠራተኞቹ ይመጣል፣ ጠርጎ ይሄዳል። ምንጣፉ ሲጠረግ የቤቱ ሰው ቁጭ ብሎ ያያል። ማን እየጠረገ እንደሆነ ማንም አይጠፋውም፤ ቱቦውን የያዙት ሰዎች ሳሎኑ መሀል ቆመዋል።

ሰዋስው

በአማርኛ «ጠረገ» ከሚለው ግስ ሁለት ስም ይወጣል። መጥረጊያ እቃው ነው። ጠራጊ ሰውየው ነው፤ ወይም ሴትየዋ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ሴትየዋ። ጎህ ሳይቀድ የአዲስ አበባን አስፋልት የሚጠርጉት እናቶች ጠራጊዎች ናቸው፣ በእጃቸው ያለው መጥረጊያ ነው። ቋንቋችን እቃንና ሠራተኛን አያምታታም። አንዱ ቃል በ«መ» ጀምሮ በ«ያ» ያልቃል፣ ሌላው አያልቅም፤ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ይህን የማነሳው ቤታችን ውስጥ ይህን ሰዋስው የሚያናጋ ነገር ስላለ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ፣ እማዬ፣ ቤቱን የምታግዘን ልጅ፣ እና ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ክብ ሮቦት። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣዋ ይዛው መጣች። ቁመቱ ከምጣድ ክዳን አይበልጥም። መያዣ የለውም፤ የሚይዘውም የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ተነስቶ ይጠርጋል፣ ባትሪው ሲደክም ራሱ ወደ ቻርጀሩ ይመለሳል።

እና ይሄ ነገር መጥረጊያ ነው ወይስ ጠራጊ? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጠራጊ ከሆነ የማንን ሥራ ወሰደ? መጥረጊያ ከሆነስ የሚጠርግበት ማን ነው? መልሱን ሮቦቱን ፈትቼ አላገኘሁትም፤ ከቡዝ ወዲህ ያለውን 120 ዓመት ማየት ነበረብኝ።

የትራስ ልብስ

ከቡዝ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1907፣ አሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ ውስጥ ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል የሱቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም አለበት። ምንጣፍ በጠረገ ቁጥር የሚነሳው አቧራ ትንፋሹን ይዘጋዋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሞተር፣ ሳጥን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ የራሱን ማሽን ሠራ። የትራስ ልብሱ የአቧራ ከረጢት ነው። የቡዝ ማሽን የፈለሰፈው አንድ መሐንዲስ ተገርሞ ነው፤ የስፓንግለር ግን አንድ ጠራጊ ታሞ። ለኔ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ስፓንግለር በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ መብቱን የገዛው ደግሞ ዊልያም ሁቨር የሚባል የቆዳ ውጤቶች ነጋዴ ነው። መኪና መጥቶ የፈረስ ኮርቻና ልጓም ገበያው እየቀዘቀዘ ስለነበር አዲስ ሥራ ይፈልግ ነበር። «ሁቨር» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ጋ ግስ እስከመሆን ደረሰ።

ማሽኑ ከመንገድ ዳር ጋሪነት ወጥቶ ቤት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከነሠራተኞቹ የሚመጣ አገልግሎት መሆኑ ቀረ፤ የቤት እመቤቷ ገዝታ ራሷ የምትገፋው እቃ ሆነ። ማስታወቂያዎቹ የሸጡት እረፍትን ነው። ሥራ ይቀንሳል፣ ጊዜ ይተርፋል ተባለ።

ተረፈ ወይ? ጆአን ቫኔክ የምትባል ተመራማሪ በ1974 ባሳተመችው ጥናት አሜሪካውያን የቤት እመቤቶች በቤት ሥራ የሚያሳልፉትን ሰዓት አነጻጽራ ነበር። በ1920ዎቹ ደመወዝተኛ ያልሆነች ሴት በሳምንት 52 ሰዓት ገደማ ትሠራለች። በ1960ዎቹ፣ ቫኪዩም ክሊነሩም፣ ልብስ ማጠቢያውም፣ ፍሪጁም ከገቡ በኋላ፣ 55 ሰዓት ገደማ። ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ለምን እንደሆነ ከሁሉ የተሻለ ያስረዳችው የታሪክ ተመራማሪዋ ሩት ሽዋርትዝ ካዋን ናት። በ1983 ባወጣችው መጽሐፍ ያቀረበችው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ በመጀመሪያ ያስቀረው የረዳቶችን ሥራ ነው። ድሮ ምንጣፍ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ወደ ውጭ ይወጣና ይደበደባል። ከባድ ስለሆነ ባልየውም፣ ልጆችም፣ ቅጥር ሠራተኛም ይሳተፋሉ። ቫኪዩም ክሊነሩ ሲመጣ ሥራው ቀለለ፤ ስለቀለለ ለአንድ ሰው ተተወ፤ ያ ሰው እናትየው ናት። በዚያ ላይ በዓመት ሁለቴ ይጠረግ የነበረው በየሳምንቱ መጠረግ አለበት ተባለ። የንጽሕና መለኪያው ከማሽኑ ጋር አብሮ ከፍ አለ።

ይህን ሳነብ የራሳችንን ቤት አየሁት። ለበዓል ስጋጃውን አጥር ላይ ሰቅሎ በዱላ መደብደብ በኛ ሰፈር የወንዶች ልጆች ሥራ ነበር። እኔም ደብድቤያለሁ፣ አቧራ ውጬያለሁ፣ ውድድርም ነበረን። ስጋጃው በቀላሉ ቤት ውስጥ መጽዳት ሲጀምር እኛ ወንዶቹ ከሥራው ወጣን። ማንም ያባረረን የለም፤ ዝም ብለን ነው የጠፋነው።

ከመስታወቱ ጀርባ

አሁን ወደ ሞስኮ። በ1959 በጋ አሜሪካኖች ሶኮልኒኪ መናፈሻ ውስጥ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፍተው ነበር፤ የካፒታሊዝምን ኑሮ ለሶቪየት ሕዝብ ለማሳየት። ምክትል ፕሬዚዳንት ኒክሰንና ክሩሽቼቭ በአንድ ሞዴል ኩሽና ውስጥ ቆመው የተከራከሩበት ዝነኛ ቦታ ይኸው ነው። ክሩሽቼቭ በእቃዎቹ ብዙም አልተደነቁም፤ ምግብ አፍ ውስጥ ከትቶ የሚገፋ ማሽንስ የላችሁም ወይ ብለው እንደቀለዱ ይነገራል።

በዚያው ኤግዚቢሽን ዊርልፑል የተባለው ኩባንያ ያቀረበው ሌላ ኩሽና ነበር፤ «የተአምር ኩሽና» ይሉታል። እዚያ ውስጥ በራሷ የምትሄድ ወለል አጽጂ ማሽን አለች። ከማረፊያዋ ትወጣለች፣ ወለሉን ታዳርሳለች፣ ትመለሳለች። ተመልካች አፉን ከፍቶ ያያል። ሚስጥሩ ግን ከመስታወት ጀርባ ነበር። እዚያ የተደበቀ ሰው ነው በሪሞት የሚነዳት።

ይህን ታሪክ ሳውቅ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቶ ግን ከመላው ታሪክ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ይኸው ሰውዬ ነው። ቡዝ ጋ ሠራተኞቹ ሳሎን መሀል ቆመው ይታዩ ነበር። ሞስኮ ላይ ሠራተኛው አልጠፋም፤ ከመስታወት ጀርባ ሄደ እንጂ።

እንደ ነፍሳት

እውነተኛው በራሱ የሚሄድ ሮቦት የዘገየው ሰዎች ስለማሰብ የነበራቸው ሐሳብ የተሳሳተ ስለነበር ነው። የዚያን ዘመን ተመራማሪዎች አንድ ሮቦት ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓለምን በሙሉ በአእምሮው መሳል አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ይመለከታል፣ ካርታ ይሠራል፣ ያቅዳል፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። በ1979 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረችው «ስታንፎርድ ካርት» የምትባል ባለ ካሜራ ጋሪ ወንበር የሞላበትን ክፍል ያለ ሰው እርዳታ አቋረጠች። 5 ሰዓት ገደማ ፈጀባት።

በስታንፎርድ የተማረው አውስትራሊያዊው ሮድኒ ብሩክስ ኋላ ኤምአይቲ ገብቶ ነገሩን ገለበጠው። አንዲት በረሮ ስለ ክፍሉ ካርታ የላትም፤ ግን ከእግራችን ስር ታመልጣለች። ስለዚህ በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ሮቦትን በድርብርብ ቀላል ባሕርያት መሥራት ይቻላል አለ። ከታች «አትጋጭ»፣ ከላዩ «ዙር»፣ ከላዩ «ፈልግ»። ማዕከላዊ አሳቢ የለም፤ ዓለም ራሷ ካርታ ናት። ከዚያ የወጣችው ስድስት እግር ያላት ጌንጊስ የምትባል ሮቦት እንደ ነፍሳት ትራመድ ነበር።

በ1990 ብሩክስ ከሁለት የኤምአይቲ ልጆች፣ ከኮሊን አንግልና ከሄለን ግራይነር ጋር አይሮቦት የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ምን እንደሚሸጥ በቅጡ ሳያውቅ ኖረ። ያልፈነዱ ጥይቶችን ከሜዳ የሚለቅም ሮቦት ላይ ሠሩ፤ አንድን ቦታ ሳያስቀሩ ማዳረስን ከዚያ ተማሩ። ከሃስብሮ ጋር አሻንጉሊት ሠሩ፤ በርካሽ ማምረትን ከዚያ ተማሩ። ሁለቱ ተደምረው በመስከረም 2002 ሩምባ ወጣች፤ ዋጋዋ 199 ዶላር። ስዊድኖቹ ኤሌክትሮሉክሶች በ2001 ትሪሎባይት የሚባል ሮቦት ቀድመው ገበያ አውጥተው ነበር፤ ዋጋው ግን የተራ ቤተሰብ አልነበረም። ሩምባ በወጣችበት በዚያው 2002 ደግሞ የአይሮቦት ሌላኛው ልጅ ፓክቦት አፍጋኒስታን ውስጥ ለአሜሪካ ጦር ዋሻ ይፈትሽ ነበር። አንዱ ወንድም ዋሻ ውስጥ፣ አንዷ እህት ሶፋ ስር።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ሩምባን የምታስደንቅ የሚያደርጋት የሌላት ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ሩምባ የሥራ ማስታወሻ 256 ባይት ብቻ ነበር። በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ያ ማስታወሻ ቢበዛ 85 ፊደል ይይዛል ማለት ነው። ካርታ የላትም። ትሽከረከራለች፣ ስትጋጭ ትዞራለች፣ ግድግዳ ስታገኝ ትከተላለች፣ ከስሯ ያሉት ሴንሰሮች የብርሃን ነጸብራቅ ካላገኙ ደረጃ ነው ብላ ትሸሻለች። ዕድል ደጋግሞ ሲሠራ ክፍሉ በመጨረሻ ይዳረሳል።

ሌላም አለ። ሐሳቡን ያመጣው መሐንዲስ ጆ ጆንስ መጀመሪያ ያሰበው ቫኪዩም አልነበረም። ባትሪ ያለው ኃይል ትንሽ ነው፤ አየር መሳብ ደግሞ ብዙ ይበላል። ስለዚህ በሚሽከረከር ብሩሽ ቆሻሻን የሚጠርግ ነገር ሠራ፤ ሜልቪል ቢሰል በ1876 ከሠራው የእጅ ምንጣፍ መጥረጊያ ጋር የሚዛመድ። ትንሿ ቫኪዩም የተጨመረችው ገዢዎች ቫኪዩም ነው ብለው ስለጠበቁ ነው። ስሙ ምንም ይሁን፣ ልቡ መጥረጊያ ነው።

ደክሟታል፣ ተዋት

በ2007 የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ሩምባ ያላቸው ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ብዙዎቹ ለሮቦቱ ስም እንደሚያወጡለት፣ ጾታ እንደሚሰጡት፣ ቤታቸውንም ለእሱ እንደሚያመቻቹ አገኙ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጾታ ለመስጠት መወሰን ይኖርበታል። እኛ ግን ምርጫ የለንም። አማርኛ «እሱ» ወይ «እሷ» ሳይል አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አያስጨርስም። እኔ እንደ እቃ «ተበላሸ፣ ቆመ» እላለሁ። እማዬ ግን ትንሽና የምታሳዝን ነገር ሁሉ ሴት ናት፤ ባትሪው አልቆ መንገድ ላይ ሲቀር «ደክሟታል፣ ተዋት» ትለኛለች። በቆጣ ሰዓቷ ደግሞ ወንድ ይሆናል፦ «ይሄ ዕውር!»

ዕውርነቱ እውነት ነው። ጥቁሩን ስጋጃ ገደል ነው ብሎ ይፈራዋል፤ ጥቁር ቀለም የሴንሰሩን ብርሃን ውጦ ስለሚያስቀር። ለበዓል ቄጤማ ስንጎዘጉዝ ደግሞ ፈጽሞ ግራ ይገባዋል። ለእኛ ጌጥ የሆነው ለእሱ ጥራጊ ነው። ብሩሹ ላይ ተጠምጥሞ እስኪቆም ይታገለዋል። የብሩክስ ነፍሳት የቡና ሥርዓትን አያውቁም። ስለዚህ በበዓል እሱም በዓል ያከብራል፤ ቻርጀሩ ላይ ተኝቶ ይውላል።

ቤቱን የምታግዘን ልጅ መጀመሪያ ቀን ቆማ ስታየው ቆየችና «ጋሼ፣ ለሱ ስንት ይከፈለዋል?» አለችኝ። ሳቅን። ጥያቄው ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው በኛው አቆጣጠር ነው) ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሥራ ሰዓቱ በአዋጅ ተገድቧል። ለእሷ ሰዓቱን የሚገድበው የቤቱ ሰው ሕሊና ነው። ሮቦቱ እንኳ ባትሪው ሲያልቅ ያርፋል።

ደግሞ ማታ ፍራሿን የምታነጥፈው ሳሎን ነው። አፑ ሮቦቱን ሰው ሳይነቃ ንጋት ላይ ማስነሳት ጥሩ እንደሆነ ይመክራል። የአፑ ሠሪዎች ወለል ላይ የሚተኛ ሰው አልታያቸውም። በ2015 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ወለል ላይ ተኝታ የነበረች ሴት ፀጉሯን ሮቦት ጠራጊ ስቦባት የነፍስ አድን ሠራተኞች መጥተው ነው ያላቀቋት። ኮሪያም እኛም ጋ ወለል ለብዙ ሰው አልጋ ነው። ሶፍትዌር ስንጽፍ «ማንም እንዲህ አያደርግም» የምንለው ሰው ሁልጊዜ የሆነ ቤት ውስጥ አለ። እኛ ጋ ሮቦቱ ንጋት ላይ አይነሳም፤ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው።

ዓይን ሲያወጣ

ካርታ የለሹ ሮቦት ብዙ አልቆየም። በ2010 ኒያቶ የተባለ ኩባንያ በሌዘር ክፍሉን እየለካ የሚሄድ ሮቦት አወጣ። በ2015 ሩምባም ካሜራ ይዛ ካርታ መሳል ጀመረች። ብሩክስ የጣለው ካርታ ዋጋው ሲረክስ ተመልሶ መጣ። ሥራው ተሻሻለ፤ አሁን ሮቦቱ ኩሽናው የት እንዳለ ያውቃል። ችግሩ ኩሽናው የት እንዳለ ማወቁ ነው። በ2017 ኮሊን አንግል ከሮይተርስ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ የቤቶች ካርታ ለሌሎች ኩባንያዎች ሊጋራ እንደሚችል ሲናገር ጩኸት ተነሳ፤ ኩባንያውም መረጃ እንደማይሸጥ ማስረዳት ነበረበት።

ከዚህ የባሰው በ2022 መጨረሻ ወጣ። ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው እንደዘገበው፣ በ2020 በሙከራ ላይ የነበሩ ሩምባዎች ያነሷቸው የቤት ውስጥ ፎቶዎች ፌስቡክ ላይ ባሉ የሠራተኞች ቡድኖች ተገኙ። አንዷ ሴት መጸዳጃ ላይ የተቀመጠችበትም ነበር። አይሮቦት ሮቦቶቹ የተሰጡት ፈቃዳቸውን ለፈረሙ ሰዎች ነው አለ። ግን ፎቶዎቹ እንዴት እዚያ ደረሱ? ሮቦት ካልሲን ከገመድ የሚለየው አንድ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ላይ «ይሄ ካልሲ ነው፣ ይሄ ገመድ ነው» እያለ ሲያመለክትለት ነው። ሥራው ስኬል ኤአይ በተባለ ኩባንያ በኩል ቬንዙዌላ ላሉ ሠራተኞች ተሰጥቶ ነበር። ፎቶዎቹን የለጠፉትም እነሱው ናቸው፤ ስለ ሥራቸው እርስ በርስ ሲያወሩ።

የሞስኮው ሰውዬ ተመለሰ። ከመስታወቱ ጀርባ ወደ ካራካስ ሄደ እንጂ አልጠፋም። የሮቦቱን «ብልህነት» ስናደንቅ ከምናደንቀው ውስጥ ከፊሉ የእነዚያ ሰዎች ዓይን ነው።

ኩባንያው ራሱስ? አማዞን በነሐሴ 2022 አይሮቦትን በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። የአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ እንደማይገኝ ሲታይ ስምምነቱ በጥር 2024 ፈረሰ። አይሮቦት ከሠራተኞቹ 31 በመቶ ያህሉን አሰናበተ፣ አንግልም ከኃላፊነቱ ወረደ። በታኅሣሥ 2025 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ሊረከበው የተስማማው ሮቦቶቹን ሲያመርትለት የነበረው የቻይናው ፒሲያ ነው። ጠራጊዋን የፈጠረው ኩባንያ ለሚሠራለት ፋብሪካ ተላለፈ።

የማን ሰዓት?

እንግዲህ መልሱ። እኔ እንደማየው ሮቦቱ መጥረጊያ ነው። እጀታው ግን በጣም ረዝሟል። አንዱ ጫፍ ሶፋችን ስር ነው፣ ሌላው ጫፍ ሼንዘን ፋብሪካ ውስጥ፣ ካራካስ ካለ ኮምፒውተር ፊት፣ ከምጽፈው ዓይነት ኮድ ውስጥ። ይኸኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ወንበር የሚያነሳ፣ ገመድ የሚሰበስብ፣ ብሩሹ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር የሚቆርጥ ሰው አለ። ጠራጊው አልጠፋም። ተበታተነ።

የቀረው የካዋን ጥያቄ ነው፦ የተረፈው ሰዓት የማን ነው? እኛ ቤት ይህ ጥያቄ የመጣው ሮቦቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው። እማዬ መጥረግ ስለቀለለ መስኮቶቹ በየሳምንቱ ይታጠቡ አለች። ካዋን እንደጻፈችው፣ አንድ ቃል ሳይቀነስ። የ52ን እና የ55ን ታሪክ ነገርኳት። ሰማችኝና «እሺ፣ አሜሪካኖቹ እንዲህ ሆኑ። መስኮቱንስ ማን ያጥበው?» አለችኝ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰዓት ለአንድ ሰው ይተርፋል ማለት ሌላው የሆነ ነገር ይይዛል ማለት ነው፤ በምኞት የሚጠረግ ወለል የለም። ልጅቷ ማታ ትማራለች፣ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነበር። ተነጋገርን። እማዬ በቀላሉ አልተስማማችም፤ ሁለት ቀን ፈጀ፣ የጎረቤት አስተያየትም ተሰማ።

አሁን ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሮቦቱ ሲነሳ ልጅቷ ደብተሯን ይዛ በረንዳ ትወጣለች፣ ክፍል እስክትሄድ ድረስ። መስኮቶቹ በየሳምንቱ ይታጠባሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ በኔ።